የበላሁት ስም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም፤ ለእህቴም አልተናገርኩም። ለራሴ እንኳ ሙሉውን የነገርኩበት ቀን የለም፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ቀልድ አመጣና አቋርጠዋለሁ። እዚህ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ሰፈር ውስጥ ከእኔ የበለጠ ቀልደኛ የለም። ጎረቤቴ ሆላንዳዊው ሽማግሌ አንድ የአማርኛ ቃል ሳያውቅ በእኔ ቀልድ ስቆ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ሾርባው ውስጥ ወድቋል። ዛሬ ግን ሳላቋርጥ ልሞክር። እናንተ የምታነቡ፣ እንደ ንስሐ አባት ዝም ብላችሁ ስሙኝ። ካሳቅኋችሁ አትመኑኝ፤ ላመልጥ ስል ነው።

ስም በልቻለሁ። የሰው ስም። አኝኬ ውጬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሄግና ከሮተርዳም የተሰባሰብን አሥራ አራት ሴቶች በወር አንድ ቅዳሜ እንገናኛለን። የምንወያየው ስለ ሴት መብት ነው፦ ባሏ ስለሚመታት፣ የሰው ቢሮ ስታጸዳ ውላ ገብታ የራሷን ቤት ስለምታጸዳ፣ ተናግራ ስለማትሰማ ሴት። ይሁን እንጂ የማኅበር ልማድ አይለቅምና ተራችንን በዕጣ አደረግነው። የሁላችንም ስም በወረቀት ተጽፎ፣ ሄግ ካለው የትራንስቫል ገበያ የገዛሁት የሾርባ ሳህን ውስጥ ይገባል። ስሟ የወጣላት በሚቀጥለው ወር በቤቷ ታስተናግዳለች፤ የዕለቱንም ንግግር እሷ ታደርጋለች፤ የወጣው ወረቀት ተመልሶ አይገባም። ዕጣ አውጪዋ እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ማን ይሆናል? ጽፌ፣ አጥፌ፣ አማስዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አወጣና እንደ ሎተሪ አዟሪ እየጮኽኩ አነባለሁ። ወረቀቱን ልይ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። ዕጣ የእግዜር ነው፣ ማን ይመረምረዋል?

ሊዲያን ወደዚህ ክበብ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ሊዲያ ስትወለድ ወንድ ነው ተብላ፣ በወንድ ስም አድጋ፣ እዚህ አገር ሴትነቷን በአደባባይ የያዘች ልጅ ናት። የምትኖረው ሮተርዳም አጠገብ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል ነው። ለግማሾቻችን የሁርቱስላጉን፣ ያንን የኪራይ ድጎማ ደብዳቤ የምታነብልን እሷ ነበረች። ማህፀኔ ሊወጣ ሆስፒታል በገባሁ ጊዜም እጄን ይዛ የተቀመጠችው እሷ ናት። ሐኪሙ በደች አሥር ደቂቃ የተነተነውን፣ "እትዬ፣ ያወጡታል፣ ትድኛለሽ" ብላ በሦስት ቃል ጨረሰችልኝ።

ትግባ ባልኩ ጊዜ ጠብ ተነሣ። አንዷ ክበቡ የሴቶች ነው አለች። አስናቀች የምትባለዋ ደግሞ ማህፀን የሌለው ሰው ሴት አይባልም አለች። ያን ቀን ተነሥቼ ያደረግኩት ንግግር ቢቀዳ ኖሮ ሄግ ያለው የዓለም ፍርድ ቤት በር ላይ ይለጠፍ ነበር። "የእኔ ማህፀን ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እንግዲያው እኔንም አስወጡኝ" አልኳቸው። "ጢሜንም በየሳምንቱ በክር አስነቅላለሁ፣ እሱንም መዝግቡልኝ።" ሳቁ። በመጨረሻ አንጋፋችን እማማ ለተ ተናገሩ። እማማ ለተ አስመራ ተወልደው፣ አማርኛን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የለመዱ፣ ሮተርዳም ውስጥ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። "ልጅቷ ታንኳኳለች፣ እናንተ ትመራመራላችሁ" አሉ። "ክፈቱላት።"

ተከፈተላት። እኔም አሸነፍኩ። ለአንድ ወር ያህል አንገቴን እንደ ቀጭኔ አስግጌ ሄድኩ።

የካቲት ላይ እማማ ለተ ቤት ተሰበሰብን። የሚቀጥለው ወር ስብሰባ የሴቶችን ቀን የምናከብርበት ነው፤ ከአምስተርዳም እንግዶች፣ የተማሩና የታወቁ ሴቶች፣ ሊመጡ ነው። በዚያው ሰሞን የሊዲያ እናት እማማ ተዋበች ለሦስት ወር ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ልጃቸውን አውሮፕላን ማረፊያ ሲያዩ አልቅሰው፣ ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ እየበሉ አይነጋገሩም። ሊዲያ ሳህኑን ከማማሰሌ በፊት ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ "እትዬ፣ እማዬ ሳትሄድ ቢወጣልኝ" አለችኝ። "እናንተ ቤቴ መጥታችሁ ስትቀመጡ ብታይ ይበቃኛል። እኔ ብነግራት አታምንም።"

አማሰልኩ። አወጣሁ። ገለጥኩ። ሊዲያ ይላል፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ።

እኔ "ወይንሸት" ብዬ አነበብኩ። የራሴን ስም።

አስናቀች እየሳቀች እጇን ዘረጋች። "አምጪው እስቲ፣ አጭበርብረሽ ይሆናል" አለች። ለቀልድ ነው። እኔ ወረቀቱን አፌ ውስጥ ከተትኩት። "ዕድሌን ማንም አይቀማኝም" ብዬ አኘክሁ። ዓቢይ ጾም ነበርና፣ ወረቀት ጾም አያስገድፍም ብዬ ጨመርኩበት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሊዲያም ሳቀች። እሷ ስትስቅ እኔ ስሟን ዋጥኩ።

ለምን? ጠይቁኝ፤ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ጠልቻት ነው? የጠሉትን ሰው አስታማሚ አድርጎ ሆስፒታል ይዞ የሚሄድ አለ? የአምስተርዳም ሴቶች እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነው? እኔ ስንቱን ያሳቅሁ፣ ስንቱን የሳቅሁበት፣ አንድ ቀን ቢሳቅብኝ ምን እሆን ነበር? ወይስ ያ ሁሉ ንግግሬ ከምላሴ አልወረደም ነበር? ክበቡ ውስጥ ትቀመጥ ያልኩ እኔ፣ ቤቷ ሄጄ ልቀመጥ፣ እሷ ቆማ ስለ ሴትነት ትናገር፣ እኔ ልስማ ሲባል ምኔ ነው ያፈገፈገው? ሴት ናት ብዬ አምናለሁ። ያን ቀንም አምን ነበር፣ ይመስለኛል። "ይመስለኛል" ማለቴ ራሱ ምን ማለት ነው? አላውቅም። አንድ ሰው አንድን ነገር እያመነ፣ እጁ ሌላ ሊሠራ ይችላል? የእኔ እጅ ሠራ። አፌም ሠራ።

መጋቢት ላይ ቤቴ ሞላ። ሊዲያ እናቷን ይዛ መጣች። እኔ ቆሜ ከደጅ ስለቀረች ሴት ተናገርኩ። አምላኬ፣ እንዴት እንደተናገርኩ! ከአምስተርዳም የመጡት ሴቶች አለቀሱ፤ እኔ ራሴ ልቤ ተነክቶ አለቀስኩ። በኋላ እማማ ተዋበች ወጥ ቤት ድረስ ተከትለውኝ ገቡ። "የእኔ ልጅ ቤትስ መቼ ነው የምትመጡት? ሳህኑን ብርጭቆውን ገዝታ ጨርሳለች" አሉኝ። የአዲስ አበባ ስልካቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፤ "እኔ ከሄድኩ በኋላም ቢሆን ቤቷ ስትሄዱ ደውይልኝ" ብለው።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ያኔ! እኔ ግን ምን አልኩ? "ዕጣ የእግዜር ነው እማማ፣ እሱ ሲል ይወጣል።"

እማማ ተዋበች "እሱም አላለም ማለት ነው" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ያየሁትን ልንገራችሁ፦ ሴትዮዋ መልስ ፍለጋ ነበር የመጡት፤ መልሱን ከእግዜር አፍ የሰሙ መሰላቸው። የሰሙት ከእኔ አፍ ነው። በሚያዝያ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የልጃቸውን ስልክ አላነሡም።

የእኔ ስም ያለበት ወረቀት ግን ሳህኑ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሳህኑ ከነወረቀቱ እማማ ለተ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለሚቀመጥ ልለውጠው አልቻልኩም። የራሴን ስም ለክብሬ ብዬ ከሌሎቹ ለይቼ ሦስት ጊዜ አጥፌው ስለነበር፣ በየወሩ በጣቴ እየለየሁ አልፈዋለሁ። አንድ ቀን ያጠፋሁ እንዳይመስላችሁ፤ በየወሩ ነው ያጠፋሁት። እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ወረቀት ብቻ ቀረ፤ ያልወጣላትም ሊዲያ ብቻ ነበረች። "ይኼማ የታወቀ ነው፣ ምን ማውጣት ያስፈልጋል" ብዬ ሳህኑን ላነሣ ስል እሷ ቀደመችኝ።

"ስሜን ልየው" አለች።

ገለጠችው። የአንድ ሰው ስም ለማንበብ ከሚፈጀው በላይ ቆየች። ቀና ብላ አየችኝ። እናንተ፣ ፍርድ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አይቻለሁ፤ ቁጣ የለበትም። ከዚያ ወረቀቱን አፏ ውስጥ ከተተችው።

"ዕድሌን ማንም አይቀማኝም" አለች እያኘከች።

ሴቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የእኔን ቀልድ የደገመች መሰላቸው። እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ እኮ!

በወሩ በሜትሮ ባቡር ካፔለ፣ ሊዲያ ቤት ሄድን። አዲሶቹ ሳህኖች ተደርድረዋል። ንግግር የለም፣ ብሉ ብቻ አለችን። መሀል ላይ ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ለእናቷ ደወለች፣ ጫጫታችንን ትስማ ብላ። ጠራ። ጠራ። ሁላችንም መብላት አቁመን አዳመጥን። ማንም አላነሣም። "ተኝታ ይሆናል" አለችና ወጥ ጨመረችልን። መጀመሪያ የጨመረችው ለእኔ ነው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ወደ ክበቡ አልመጣችም።

ሴቶቹ "ሰው እንዲህ ነው፣ ታግለን አስገብተናት ጥላን ሄደች" ይላሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ።

እማማ ተዋበች የሰጡኝ ወረቀት አሁንም የጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አለ። እሱን አልበላሁትም፤ አልደወልኩበትምም። የምለውን አውቀዋለሁ፤ መስታወት ፊት ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፦ እማማ፣ እግዜር ብሎ ነበር። እርስዎ እዚህ ሳሉ የልጅዎ ዕጣ ወጥቶ ነበር። የዋጥኩት እኔ ነኝ። ይኸው ነው፤ ቀልድ የለበትም፣ ለዚህም ይሆናል የማይወጣኝ።

ደክሟት ነው፣ ፈርታ ነው፣ ዘመኑ ግራ አጋብቷት ነው እንዳትሉልኝ። ፍቱኝም አልላችሁም። እስክደውል ድረስ አትፍቱኝ።