የሌላ ሰው ስም፣ ቁጥር ሁለት

መርሳ ከተማ ውስጥ ማንም ሳያስተምረው ኮምፒውተር የለመደ ሽማግሌ ካለ እኔ ነኝ። ሬዲዮ በመጠገን ጀመርኩ፣ ቴሌቪዥን ቀጠልኩ፣ ድረ ገጽ መሥራትን ደግሞ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ በራሴ ደረስኩበት። ዲግሪ የያዙ የወልድያ ልጆች ሳይቀሩ «ጋሼ፣ ይቺ እንዴት ናት?» እያሉ ይደውሉልኛል።

ጎረቤቴ የባልትና ነጋዴ ናት። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿ የሚያድሩት ከዚያች ሱቅ በሚገኘው ገቢ ነው። ሳውዲ፣ ጅዳ ያሉ የወረዳችን የሀብሩ ልጆች በኢንተርኔት እንዲያዟት ድረ ገጽ ይሥሩልኝ አለችኝ። ለአድራሻው ስም ያስፈልግ ነበር። እኛ አገር አንድ ምግብ ቤት ወልድያ ላይ ስሙ ከገነነ መርሳ ላይ «ቁጥር ሁለት» ይከፈታል። ባለቤቶቹ ባይተዋወቁም የሚቀየም የለም፤ እንዲያውም እንደ ክብር ይቆጠራል። እኔም አዲስ አበባ ያለ የታወቀ ባልትና ድርጅት ስም ላይ ሁለት ቁጥርን ጨምሬ አስመዘገብኩ። አድራሻውን ማንም አልያዘውም ነበር። እሷም በርበሬና ሽሮ በምታሽግባቸው ላስቲኮች ላይ አሳተመችው።

ብዙም ሳይቆይ ከድርጅቱ ጠበቃ ኢሜይል መጣ። ስሙ የተመዘገበ የንግድ ምልክታችን ነው፤ አድራሻውን አስረክቡ፣ በዚህ ስም የታሸገ ዕቃ አትሽጡ፣ አለዚያ እንከሳለን ይላል።

«ወላሂ ጋሼ፣ ሱቄን ሊያዘጉብኝ ነው?»

«እኔ እያለሁ?» አልኳት።

አፌ ይህን ይበል እንጂ እግሬ አላረፈም። ሱቄን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ሚኒባስ ይዤ ወልድያ፣ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ሲሪንቃን ስናልፍ ክርክሬን ጮክ ብዬ እለማመድ ስለነበር አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወደ መስኮቱ ሸሸ።

«ስሙ የእነሱ መሆኑን ያውቁ ነበር?» አለኝ ጠበቃው።

«እንዴታ! ታዋቂ ባይሆን ለምን እወስደዋለሁ?»

«ጋሼ፣ ይቺን ዳኛ ፊት እንዳይደግሟት።»

አድራሻው ባዶ መሆኑ ስሙን የእኛ እንደማያደርገው ነገረኝ። ቁጥር ሁለት ማለቴም ነገሩን ያባብሰዋል፤ ገዢው የእነሱ ቅርንጫፍ ነን ብሎ ይታለላላ። አንዴ ሲነገረኝ ገባኝ። ስንቱ ነው አንዴ ተነግሮት የሚገባው?

ለድርጅቱ ጠበቃ ራሴ ደወልኩላት። እኛ ዘንድ ቁጥር ሁለት ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኋት። ሳቀች።

«አባት፣ ሕጉ ግን ይህን አያውቅም» አለች።

አድራሻውን ካስረከብን፣ የታሸገውም ገበያ ካልወጣ እንደማይከሱ በጽሑፍ ላከችልኝ።

በማግስቱ ከጎረቤቴ ጋር በርበሬውን ከላስቲክ ስንገለብጥ፣ እያስነጠስን ዋልን።

«ደግሞ ቁጥር ሦስት ይክፈቱልኝ አንቱ!» ትለኛለች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። ከዚያ አዲሱ አድራሻ በእናቷ ስም እንዲሆንላት ጠየቀችኝ።

እንግዲህ የሠራሁትን ልናገር። ክሱን አስቀርቻለሁ። ከአዲስ አበባ ጠበቃ ጋር ተከራክሬ አስቄያታለሁ። አዲሱን አድራሻ ከመያዜ በፊት ስሙ በንግድ ምልክትነት ያልተያዘ መሆኑን አጣርቻለሁ። ምልክቱም በጎረቤቴ ባለቤትነት እንዲመዘገብ አመልክተናል። «ቁጥር ሁለት» ሊሉ የነበሩ የጎረቤታችን የግራና ከተማ ነጋዴዎችን ከመንገድ መልሻለሁ፤ አንዱ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል። የጅዳዎቹ ትእዛዝም መጥቷል። ሱቋ አልተዘጋችም።