ጢሜ ላይ የቀረው ወተት

ያን ጠዋት በሁዳዴ ወተት ጠጣሁ። ጅግጅጋ ውስጥ ሻይ ብሎ ዝም ያለ ሰው በወተት እንደሚመጣለት ሕፃን ያውቃል፤ እኔ ከነሽበቴ ረሳሁት። የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ብርጭቆውን ጨለጥኩት። በጠዋት ጾም መፍታቱንስ በመድኃኒት ሰበብ ሐኪም ፈቅዶልኛል፤ ወተቱን ግን እሱም አላዘዘው።

የማስተምረው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ስድስተኛ ክፍል ነበር። ርዕሰ መምህሯ በልጅነቷ እኔው ያስተማርኳት ናት፤ ስትሾም መጀመሪያ የከለከለችው ዱላን ነው። ስለ በትር የተጻፈውን ቃል ጠቅሼ ልሞግታት ብሞክር፣ «ጋሼ፣ የመቱኝ ቀን ምን አጥፍቼ እንደነበር አላስታውስም፤ ዱላው ግን የወይራ ነበር» አለችኝ።

በዱላው ፈንታ ያመጣችው ደንብ ይህ ነው፤ አጥፊና ተበዳይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ የሰማውንም መልሶ ይናገራል፤ ካሳውን ተበዳይ ይመርጣል። እኔ ደግሞ ይሄ ሽምግልና እንጂ ቅጣት አይደለም እያልኩ ሳሾፍበት ከረምኩ።

ክፍሌ ውስጥ አንዲት ድምፀ ጎርናና፣ እጀ ፈጣን ልጅ ነበረች። በድብድብ ተደጋግማ ስለተከሰሰች፣ ባለሱቅ አባቷ ዳግመኛ ከተጠራሁ አስወጥቼ ሱቅ አስቀምጣታለሁ ብሎ ዝቷል። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም።

ክፍል ገብቼ ጾም ራስን መግዛት ነው እያልኩ ማስተማር ስጀምር ልጅቷ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ጢምዎ ላይ ወተት አለ።»

ክፍሉ አውካካ። በንዴት ወደ ቢሮ ሰደድኳት። የአባቷ ዛቻ ትዝ ያለኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ግቢውን በሩጫ አቋረጥኩት፤ ሩጫ ከተባለ።

ስደርስ ርዕሰ መምህሯ ለአባትየው ልትደውል ስልኩን አንስታለች። ስታየኝ መልሳ አስቀመጠችውና ከልጅቷ ጎን እንድቀመጥ አመለከተችኝ። ወንበሩ የልጅ ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ሌሎቹ ሳያዩ እንዲጠርጉት በቀስታ ልነግርዎ ነበር» አለች ልጅቷ መሬት መሬት እያየች። «ድምፄ ነው እምቢ ያለኝ።»

በደንቡ መሠረት የሰማሁትን መድገም የኔ ተራ ሆነ። «ከመዋረድ ልታድነኝ ፈልጋ ነበር» አልኩ። የገባኝም ከአፌ ሲወጣ ነው።

«ታዲያ ተበዳይ ማን ነው፣ ጋሼ?» አለች ርዕሰ መምህሯ።

ጣቴን ወደ ልጅቷ ቀሰርኩ። ስልኩ ሳይደወል ቀረ። እፎይታ እንዲያ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር፤ ከወተቱም በለጠብኝ።

ካሳዋን ለመምረጥ ብዙም አላሰበች፤ ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት በኋላ ክፍሉን እንድጠርግ ፈረደች። ልጆቹ በመስኮት ተደራርበው እዚያ ጥግ ቀርቷል፣ ከወንበሩ ሥር ይድገሙት እያሉ አሠሩኝ። ከዚያ ወዲህ የተጣላ ልጅ ሄደህ እዚያ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጥ ሲባል አይከራከርም። ቲቸር ራሱ የተቀመጠበት ነው፤ ምን ያሳፍራል? እኔም ማሾፌን ተውኩ።

አርብ ግን ወገቤ ያዘኝና ሳልጠርግ ቀረሁ። ልጅቷ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። ገበያ ስንገናኝ ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት ጎንበስ ብላ በሌለ መጥረጊያ አስፋልቱን ትጠርግልኛለች። የአርቧ አሁንም አለችብኝ።