አገዳ ጨማቂው አባቴና ጣፋጩ ቅጠል

«ሲጢጥ… ሲጢጥ…» የሚለው የአገዳ መጭመቂያችን ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። በከተማችን በጓራምባሬ ገና ጎህ ሲቀድ አባቴ ክሪስፑሎ በሬዎቹን ያዞራል፤ ሁለቱ ብረቶች አገዳውን እየፈጩ ይጮኻሉ፤ ጭማቂው በቆርቆሮ ቦይ ወደ ጋኑ ይወርዳል። አባቴ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ምሳውን እንኳ የሚበላው ቆሞ፣ ደጅ ደጁን እያየ ነው። እሱን ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው ከሰዓት በኋላ የምንጠጣው ማቴ የሚባል የቅጠል ሻይ ብቻ ነበር።

እናቴ ኒኮላሳ በመጠጫው ቅል ውስጥ በማቴው ቅጠል ላይ ስኳር ትነሰንሳለች፣ ትኩስ ወተት ትጨምርበታለች፤ ቅሉ ከነብረት መምጠጫው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በእኛ ዘንድ ቅሉን ሲመልሱ «አመሰግናለሁ» አይባልም። እንዲያ ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው፤ ዳግመኛ አይቀዳለትም።

በኋላ አባቴን ስኳር በሽታ ያዘው። የእግሩ ጣት ቆስሎ አልድን ባለ ጊዜ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገረው፤ ስኳሩን ካልተወ እግሩን ያጣል።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ዕረፍት አጣ። እናቴ ማር አሰበች፤ ማርም ያው ስኳር ነው አሏት። ወንድሜ ከዋና ከተማው ከአሱንሲዮን የሚያጣፍጥ ክኒን ገዝቶ መጣ። አባቴ አንዴ ሳብ አድርጎ ፊቱን አጨማደደ።

«ሳንቲም የላስኩ መሰለኝ» አለ። «አመሰግናለሁ።»

የቀረው ካአ ሄኤ ነበር፤ እንዲሁ በተፈጥሮው የሚጣፍጥ ቅጠል፣ ጎረቤታችን እትዬ ኤውፍራሲያ በአጥሯ ሥር የምታበቅለው። እናቴ ከጭንቀቷ ብዛት እፍኝ ሙሉ ቀቀለችው። መረረ።

«ኒኮላሳ፣ ልትገድይኝ ነው?»

«እግርህን ላተርፍልህ ነው፣ አንተ ሽማግሌ።»

«አገዳ ጨምቄ ልጅ ያሳደግሁ ሰው የአጥር ቅጠል ልጠጣ? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል? አመሰግናለሁ።»

ተነሥቶ እያነከሰ ወደ መጭመቂያው ሄደ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ። እናቴ ቁስሉ ላይ የታሰረውን ጨርቅ በዐይኗ ትከተል ነበር።

እትዬ ኤውፍራሲያ ከአጥሩ ማዶ ሁሉን ሰምታ ኖሮ ሳቀች።

«አንቺ ሴት፣ ለበሬ ነው እንዴ የምታጭጂለት? ሁለት ቅጠል ይበቃዋል። ደግሞ አትቀቅዪው፤ ወተቱን ስታወርጂ ጣል ነው።»

በማግስቱ እናቴ ሁለት ቅጠል ጣል አደረገች። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ራሷ ጠጣች። ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ለአባቴ። መምጠጫው ባዶ አየር እስኪስብ ድረስ መጠጠው። ከንፈሩ ሲላወስ እኔም እናቴም ያችን «አመሰግናለሁ» ፈራን።

«አገዳ አይደለም» አለ።

«አገዳ ነው ያለህ ማን ነው?» አለችው እናቴ።

ቅሉን አገላብጦ አየውና በእጇ ላይ መለሰው። እሷ ሁለተኛውን ለመቅዳት የወተቱን ማንቆርቆሪያ ስታነሣ፣ እሱ ባርኔጣውን ከምስማሩ አወረደ። ደኅና ዋሉ ሳይል፣ አመሰግናለሁም ሳይል፣ እግሩን እየጎተተ ወደ መጭመቂያው ወጣ።