ፕሮቲኑ የማን ነው?

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚኒባስ እየሄድኩ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ከፍቻለሁ። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ስሌት ድንገት ሲያልቅ ራሴን ረስቼ «ገጠመ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ።

አጠገቤ አንድ ማዳበሪያ አብሽ ይዘው ገበያ የሚሄዱ እናት ነበሩ።

«ምኑ ነው የገጠመው ልጄ?» አሉኝ።

«ይሄ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጥምጥም፣ የበላነውን ወደ ስኳር የሚለውጥ የሰው ፕሮቲን ነው። ይቺ ትንሿ ከአብሽ የምትገኝ ንጥረ ነገር ናት። እጀታ መጥረቢያ ውስጥ እንደሚገባ ገብታ ያዘችው። አያችሁ፣ ከያዘችው ስኳሩ ቶሎ አይወጣም።»

«ማሻአላህ» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ ስኳር ያለባቸው አባት ከአብሹ እንዲያስቀሩላቸው ወዲያው ለመኗቸው። እኔማ ደስታው አላስቀምጥ አለኝ።

እናት ግን ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና፣ ድግስ ላይ ሥጋ ሲቀርብ እንደምንጠይቀው፣ «ለመሆኑ ይሄ ፕሮቲን የማን ነው? የእስላም ነው የክርስቲያን?» አሉ።

«እማማ፣ የሰው ነው፤ እዚህ ላይ ሁላችንም አንድ ነን» ብዬ እየሳቅኩ፣ ላሳያቸው ፕሮቲኑ ከምን እንደተወሰደ የተጻፈበትን የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር ከፈትኩ።

«የአይጥ» ይላል።