ማንደፍሮ ያልተቀበለው ዜማ

ባለፈው ጳጉሜ በምኖርበት በስዊድን አገር፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለዘመን መለወጫ የወረቀት አበባ ሲለጣጥፉ ሙጫው አለቀባቸውና፣ «ቆይ እኔ እሠራላችኋለሁ» ብዬ የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጬ እሳት ላይ ጣድሁ። ማማሰያውን ጥቂት እንዳዞርሁ ያ የሊጥ ሽታ፣ ገንፎም ያልሆነ አጥሚትም ያልሆነ፣ ከድስቱ ተነሥቶ ፊቴን መታኝ። እጄ ቆመ። ጎንደር፣ ከቤታችን ጓዳ፣ ወንድሜ ማንደፍሮ እናታችን ሳታየው በጣሳ ያበስለው የነበረው የፊልም ማስታወቂያ ሙጫ ነበር የሸተተኝ። ልጆቹ «እትዬ፣ አረረ እኮ!» እስኪሉኝ ድረስ እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ማንደፍሮ ጎረምሳ፣ እኔ ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርሁ። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ በደብራችን ማኅሌቱን የሚመሩ፣ ከቅጥሩ ሥር በጎጆ የሚኖሩትን የቆሎ ተማሪዎች ዜማ የሚያስተምሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ «የኔታ» የሚላቸው ሰው። ዜማ ቤት የኔታ ይመራሉ፣ ተማሪ ይቀበላል፤ መሪው የመጀመሪያዋን ሐረግ ከፍ አድርጎ ይጥልና ዝም ይላል፣ ተማሪውም ከዚያች ጫፍ አንሥቶ ይቀጥላል። ሐረጓ ልቡ ውስጥ የገባችለት ልጅ በእንቅልፉም ቢሆን ይቀበላል ይባል ነበር። ማንደፍሮ ድምፁ እንደ ብርሌ የጠራ ስለ ነበር ከሁሉ ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነበር፤ በኋላ ግን አስኳላ ገባና ኳስና ሲኒማ ወሰዱት።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያዎቹን እያጠበ ይጥላቸው ነበርና፣ ማንደፍሮ ሙጫውን አብስሎ እንደገና እየለጠፈ፣ በድካሙ ዋጋ ያለ ትኬት ይገባ ነበር። እማዬ ዱቄቷ ሲጎድልባት አይጥ ትረግም ነበር። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲጠነክር ደግሞ ወደ ኳስ ሜዳ ይዞር ነበር፤ የሰፈራችን ልጆች ከአዘዞ ልጆች ጋር ሲጋጠሙ ውሎ ማታ ድምፁ ተዘግቶ፣ ሸሚዙ ተቀድዶ፣ ያሸነፉ እንደሆነ እየዘለለ፣ የተሸነፉ እንደሆነ ዳኛውን እየረገመ ይመጣ ነበር። አባዬ ቀና ብለው ያዩትና «ኳሱ ምን በድሎህ ነው ስትረግጠው የምትውል?» ይሉት ነበር። ጥምቀት አልፎ በጋው ሲከር፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ ጣራ ላይ ፊልሙ በቆርቆሮ ዕቃው ተጭኖ ሲገባ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ አጅቦ ያመጣው ነበር። «ታቦት አጅበህ ቢሆን ምን ነበረበት!» አባዬ ናቸው። እሳቸው በሲኒማ ቤቱ በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንባቸው መንገዱን ተሻግረው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ፊታቸው ስበው ነበር የሚያልፉት።

ከዓመቱ ሁሉ ግን የምንጠብቃት ጳጉሜን ነበረች። በሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ስለሚባል እኛ ልጆች ደጅ ወጥተን፣ እየዘለልን፣ ጥርሳችን እስኪንቀጫቀጭ እንታጠብ ነበር። ከዚያ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን እሳት ዳር ስንኮለኮል ማንደፍሮ ዘነዘናውን አንሥቶ እንደ ድምፅ ማጉያ አፉ ላይ ይደቅንና የዓመቱን ማጠቃለያ ይጀምር ነበር፤ በአሮጌው ዓመት ማን ማንን እንዳሸነፈ፣ ማን ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ አገር እንደ ለቀቀ፣ በአዲሱ ዓመት ምን ምን ፊልም እንደሚመጣ።

በዚያች በመጨረሻዋ ሩፋኤልም እንዲሁ ቆመ።

«ጤና ይስጥልን የተከበራችሁ አድማጮቻችን! የአዘዞው በረኛ በዚህ ዓመት ያልያዘው ኳስ ብቻ ነው፤ ጉንፋን እንኳ ይዟል። አሁን ወደ ፊልም እንለፍ። በዮሐንስ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጎንደር አይታው የማታውቅ አዲስ የሕንድ ፊልም! ያመለጠው ሰው ዕድሜ ልኩን ይጸጸታል!»

«ምን ይላል ታሪኩ?» አልሁት።

ማስታወቂያውን ለጥፎታል እንጂ ፊልሙን አላየውም፤ ግን መች ይቸግረዋል። «አባትና ልጅ በገበያ መካከል ይጠፋፋሉ። ዓመት ያልፋል፣ ልጁ ይጎረምሳል፣ ቢተያዩም አይተዋወቁ። አንድ ቀን አባትየው የጥንቷን ዘፈን ሲዘፍን…»

«እና?»

«ልጁ ይቀበለዋላ! ሌላ ምን ሊሆን!»

ከመጋረጃው ወዲያ አባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማንደፍሮ፣ በዋዜማው ዕለት እዚያ ቤት ገብተህ ባገኝህ በዚህ መቋሚያ አጥንትህን ነው የምለቅመው።»

ማንደፍሮ ዘነዘናውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። «ሥርጭታችን በመብራት መቋረጥ ምክንያት እዚህ ላይ ያበቃል» ብሎ በሹክሹክታ ሲናገር እማዬ እንኳ አፏን ይዛ ሳቀች።

ያን ጊዜ አፈሳው በርትቶ ነበር። ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከመንገድ ወጣት እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይጫን ነበር፤ ሰው ግን «ለዓውደ ዓመት እንኳ ይምሩናል» ብሎ ተዘናግቶ ነበር። በዋዜማው ዕለት አባዬ ጥምጥማቸውን እያሰሩ፣ ተማሪዎቻቸው ወዴት እንደ ተበተኑ እያጉረመረሙ ሳለ፣ ከሲኒማ ቤቱ ጓሮ ጠላ የምትሸጥ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ገባች።

«ማንደፍሮ የት ነው?» አለች። የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። «ጓሮዬ ወታደር ሞልቷል። ማኪናው ቆሟል። ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉንም ሊጭኑ ነው።»

እማዬ በቆመችበት ቁጭ አለች። አባዬ ግን መቋሚያቸውን አነሡና እጄን ያዙ። እጄን የያዙት ለምን እንደሆነ የገባኝ እመንገድ ላይ ነው፤ «በሩ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያች ከተማ ኖረው የሲኒማ ቤቱን በር አያውቁትም ነበር።

በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሺያ ቆሟል፤ በአነጋገሩ የወገራ ሰው ነው።

«ወዴት ነው የኔታ?»

«ተማሪዬ ገብቶብኛል። ዋዜማው ደርሷል፣ ልወስደው ነው።»

ደነገጥሁ። ማንደፍሮ የእሳቸው ተማሪ መሆን ከተወ ቆይቷል፤ አባዬ ሲዋሹ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ያውም በበዓል ዋዜማ።

«ምነው የኔታ! የቆሎ ተማሪ ከሲኒማ ምን አለው?» ሳቀ ሰውየው።

«ሰይጣን መች ይተኛል፣ ልጄ።»

«ለመሆኑ ተማሪ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ስሙን ቢጠሩት ስም ማንም አለው።»

አባዬ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ «እኔ ስመራ የሚቀበለኝ የኔ ነው» አሉ፤ «የማይቀበል ያንተ ነው።»

ሰውየው ጥምጥማቸውን አየ፣ መቋሚያውን አየ። የዮሐንስን ማኅሌት ማስተጓጎል ሳይፈራ አልቀረም። «ሸጋ» አለ። «ከዜማው ሌላ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ግን በሩን ነው የምዘጋው።»

ገባን። ጨለማው፣ የሰዉ ትንፋሽ፣ የሕንዶቹ ከበሮ ባንድ ላይ ተቀበሉን። አባዬ መንገዱን ባያውቁት ወደ ብርሃኑ ሄዱ፤ ሄደው ሄደው ከሸራው ፊት ቆሙ። ያኔ ያየሁት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም፤ ነጩ ጋቢያቸው ላይ ቀይ ልብስ የለበሰች ሴት ትጨፍራለች፣ ጥምጥማቸው ላይ ተራራና ወንዝ ይፈስሳል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«የኔታ፣ ይቀመጡ! ጋረዱን!»

«ዝም በሉ፣ መሪ ተዋናዩ ናቸው!»

አባዬ መቋሚያውን በጣውላው ወለል ላይ መቱና የዮሐንስን ዜማ መሩ። የመጀመሪያዋን ሐረግ ወደ ላይ ወረወሩና ዝም አሉ። እኔ የማንደፍሮን ድምፅ ጠበቅሁ።

ከኋላ ወገን አንድ ቀጭን ድምፅ ተቀበለ። የማንደፍሮ አይደለም። ከቀኝ ሌላ፣ ከግድግዳው ጥግ ሌላ ቀጠለ። አባዬ ሲደነግጡ በፊልሙ ብርሃን አየኋቸው፤ ለሽፋን ብለው የተናገሩት እውነት ሆኖ፣ የጠፉት ተማሪዎቻቸው ለካ እዚያው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠዋል! ልጆቹ ሊቀበሉ አስበው አይደለም፤ የኔታ ከመሩ አፍ በራሱ ይከፈታል። እየተቀበሉ፣ እያፈሩ፣ አንድ በአንድ ተነሥተው መጡ። ሳቁ ጠፋ። አባዬ ሁለተኛ መሩ። ሌላ የተቀበለ የለም። ሦስተኛ፣ ማንደፍሮ በልጅነቱ ብቻውን ይቀበላት የነበረችውን መሩና ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ፤ ከሸራው ላይ ሴትየዋ ብቻዋን ዘፈነች።

ልጆቹን ይዘን ወጣን፤ ሚሊሺያውም አሳለፋቸው። ከደጅ እንደ ደረስን አባዬ ፈንታሁን የሚባለውን ተማሪ ትከሻውን ያዙት።

«ማንደፍሮስ?»

«አጠገቤ ነበረ፣ የኔታ።» ልጁ ማልቀስ ጀመረ። «እርስዎን ሲያይ ከወንበሩ ሥር ገባ። ‹አባዬ ሊመቱኝ መጡ፤ መቋሚያውን አየኸው?› አለኝ። አፉን በእጁ ይዞ ነበር።»

አፉን በእጁ ይዞ ነበር። እንዳይቀበል።

አባዬ ወደ በሩ ተመለሱ። «አንድ ቀርቷል። ልጄ ነው» አሉ።

ሚሊሺያው ጠመንጃውን በበሩ አጋድሞ፣ በክፋትም አይደለም፣ «የማይቀበል ያንተ ነው ብለውኝ የለ፣ የኔታ?» አለ።

ከመንገዱ ማዶ ቆመን ቀረን። ፊልሙ አለቀ፣ ጩኸቱ ተነሣ፣ ወጣቱ እየተገፋ ወደ ማኪናው ተጫነ። ማንደፍሮ ከላይ ሆኖ ነጩን ጋቢ በሰዉ መካከል አየው። የሚወስዱት ወዴት እንደሆነ ገና ያልገባው ይመስለኛል፤ ወይም የአባቱ ቁጣ በልጦበት ይሆናል። «አባዬ፣ ይማሩኝ! ሁለተኛ አልገባም!» ብሎ ጮኸ።

አባዬ አፋቸውን ከፈቱ። የደብሩ መሪ ድምፅ አልወጣቸውም።

አንድ ጊዜ ከማሠልጠኛ ሰላምታ ደረሰን፤ ከዚያ ወዲህ ምንም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በእግሩ እየገባ ሳለ አባዬ በየማለዳው እስከ አዘዞ መንገድ እየወጡ ያልፈውን ሁሉ ፊቱን ያዩ ነበር። ሰዉ ግን ይበልጥ የተደነቀው በሌላ ነገር ነው፤ ጳጉሜ በመጣ ቁጥር የኔታ በጠራራ ቀን ከሲኒማ ቤቱ ማስታወቂያ ፊት ቆመው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የሚመጡትን ፊልሞች ስም ያነብቡ ነበር። ኳስ ተጫዋቾቹንም ያስቆሟቸው ነበር። «አዘዞን ረታችሁት? ግቡን ማን አገባው?» በሩፋኤል ዕለት ጠበሉን ተረጭተው፣ ዳዊታቸውን ደግመው ሲያበቁ፣ እሳት ዳር ተቀምጠው ያን ሁሉ ለእኔና ለእማዬ ይነግሩን ነበር። አንዳንዱን ያሳስቱት ነበር፤ በረኛውን ከዳኛው ያደባልቁ ነበር። እማዬ አንድ ቀን «ምን ያደርግልዎታል ይኼ?» ብትላቸው፣ «ሲመጣ ይጠይቀኛል» አሏት። ስለ ቅዱሳን ምስክርነት እንደሚናገሩ ሆነው ነበር ያሏት።

አባዬም እማዬም ዐረፉ። እኔም ሰው አገር ገባሁ፤ እዚህ ጳጉሜ እንደ ማንኛውም ቀን ናት፣ ሰውም ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዘረጋል። እኔ በሩፋኤል ዕለት ራሴን ገልጬ ደጅ ጥቂት እቆማለሁ፤ ጎረቤቴ ከመስኮቷ ሆና ታየኛለች። ከጸሎት በኋላ ስልኬን እከፍትና የዓመቱን ኳስ፣ የሚመጣውን ፊልም አነብባለሁ፤ ፊልም ቤት የመግባት ልማድ የለኝም፣ ኳሱም አይገባኝ፣ ግን አባዬ የተዉትን ማን ይያዘው። ባለፈው ጳጉሜም ሙጫውን ካወረድሁ በኋላ፣ ልጆቹ አበባቸውን ሲለጥፉ፣ ያነበብሁትን ለራሴ እየቆጠርሁ ነበር።

ያን ጊዜ የኳስ ውጤት ከአዲስ አበባ ጎንደር እስኪደርስ ይሰነብት ነበር፤ ፊልም ከተሠራ ዓመት ካለፈው በኋላ በአውቶቡስ ጣራ ላይ አቧራ ለብሶ ይመጣ ነበር፤ እኛም ለሁሉም በጋቢ ተጠቅልለን፣ ማንደፍሮ ዘነዘናውን እስኪያነሣ እንጠብቅ ነበር። ዛሬ ሁሉም በሰዓቱ ይደርሰኛል።