አንድ ኮከብ ከዝቋላ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሰቆጣ ያለውን የልብስ ስፌት ሱቃችንን የምይዘው እኔ ነኝ። ስልክ ላይ ባለው ካርታ ሱቁን ያስመዘገበው እሱ ነበር። ከሌላ አካባቢ ተመድበው የሚመጡ ሠራተኞች ልብስ ሰፊ የሚፈልጉት እዚያ ነው፤ ደንበኞች የሰጡትን ኮከብ አይተው ወይ ይመጣሉ፣ ወይ ይቀራሉ።

አንድ ጠዋት ካርታውን ስከፍተው ከአምስት ኮከብ አንድ ብቻ የሰጠኝ ሰው አገኘሁ። ስሙን ሳየው እዚሁ ሰቆጣ አጠገብ ካለችው ዝቋላ የሚመጡት ጋሽ አበራ ናቸው። ለልጃቸው ሠርግ የሰፋሁላቸው ኮት፣ ያለ ባለቤቴ ብቻዬን የጨረስኩት የመጀመሪያው ኮት ነበር። እጅጌው አጥሮ ይሆን? ትከሻው ተጨማዶ ይሆን? በዚያ ሳምንት አንድም አዲስ ደንበኛ አልመጣም። ሱቁን ይዞ የኖረው የእሱ እጅ ነበር፣ በእኔ እጅ ሊዘጋ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

በገበያ ቀን ኮቱን እንደለበሱ አገኘኋቸውና ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ጠየቅሁ።

«ጋሽ አበራ፣ ምን በደልኩዎት?»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ኮከቡን ነዋ! አንድ ብቻ ሰጡኝ።»

«ታዲያ ከአንድ በላይ ምን አለ? እኔ ልጄ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች ብዬ በግ አርጄላታለሁ፤ አንቺ ታኮርፊያለሽ?»

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። «ባለቤቴ እያለስ ስንት ሰጥተውት ነበር?» አልኳቸው።

ወዲያ ወዲህ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለት።»