በእትዬ ጸዳለ ደብተር የታከምኩባቸው ወራት

ይህ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታሰረም። እንዲያም ሆኖ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ፣ ክፉ ያሰበ ሰው በሌለበት ነገር ሰው ሊሞት ምን ያህል እንደሚቀርብ ያየሁት ያኔ ስለሆነ ነው።

የምኖረው ጉለሌ፣ ከቁስቋም ማርያም በታች፣ አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ራሴ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው እጁ የገባውን ጽሑፍ ሁሉ እስከ መጨረሻው ያነባል፤ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ የምትታጠፈውን ወረቀት ሳይቀር።

ሕመሜ በድካም ጀመረ። ሰው ሁሉ በሚያዝያ ፀሐይ ጥላ ሲፈልግ እኔ ሹራብ እደርባለሁ። ጠጉሬ ከማበጠሪያው ጋር ይመጣል። መጽሐፍ እየደረደርኩ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኛል። ደም ማነስ መስሎኝ ብዙ ቆየሁ። በኋላ አንድ የግል ክሊኒክ ደሜን መርምሮ የታይሮይድ ዕጢዬ ሥራውን እንደቀነሰ ነገረኝ። እኔ የማውቀው እንቅርት አንገት ላይ የሚያብጥ ስለነበር አንገቴን ዳበስኩ። ሐኪሙ ሳያብጥም ይታመማል አለ። በየጠዋቱ ከምግብ በፊት አንድ ክኒን፣ መጠኑ እስኪስተካከል በየጊዜው የደም ምርመራ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ። ይህን ቃል ከፍርድ ቤት ዜና ውጪ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ለሠራተኛው የጤና መድን የለውም። የማኅበረሰቡ መድን ውስጥ ልግባ ብዬ ወረዳ ብሄድ የዓመቱ ምዝገባ ተዘግቷል ተባልኩ። ጥቂት ወራት በራሴ ገዛሁ፤ ከዚያ አቃተኝ።

ይህን የሰማችው ፊት ለፊቴ የምትኖረው እትዬ ጸዳለ ናት። ባሏ ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊኑን የሚያገኘው በቤተሰቡ የመድን ደብተር ነው። አንድ ቀን ማታ ያንን ደብተር በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ አመጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ሕገ ወጥ ነው አልኳት።

«ሕጉን ለኔ ተይው። ፎቶው ላይ የሚታየው ሻሼ ነው፤ ሻሽ አንቺም አለሽ። ሃምሳ ሁለት ዓመትሽ ነው፣ እንዳትረሺ።»

አሥራ አንድ ዓመት አስረጅታኝ ሄደች።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ጤና ጣቢያው ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሪፈር ጻፈልኝ፤ ሆስፒታሉም በጸዳለ ስም ፋይል አወጣልኝ። ማንም ፎቶውንና ፊቴን አላስተያየም። ስሟ ሲጠራ መጀመሪያ ላይ ለመነሳት እግሬ ከብዶኝ ነበር። በሦስተኛው ቀጠሮ ሳላስብ ተነሳሁ። በሰባት ወር ውስጥ መጠኑ ሁለት ጊዜ ተስተካከለ። ጠጉሬ መርገፉን ተወ፣ ማታ ማታ ማንበብ ቻልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስተኛ ነበርኩ።

መስከረም ላይ እትዬ ጸዳለ ራሷ ታመመች። ድካም፣ የእግር እብጠት፣ የልብ ትርታ መፍጠን። ደብተሯን ይዛ እዚያው ሆስፒታል ሄደች። ካርድ ክፍሉ በስሟ ያለውን ፋይል አወጣ። ያያት ሐኪም እኔን አይቶኝ የማያውቅ ነው። ድካሙም እብጠቱም ፋይሉ ላይ ካነበበው ጋር ገጠመለት። መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስዱ እንደሆነ ጠየቃት። አልወስድም ብትል እንዳይነቃብን ፈርታ አዎ አለች። መጠኑን ጨመረላት። እሷም ተቀብላ መጣች፤ ለእኔ ምንም አልነገረችኝም።

በአራተኛው ቀን ወንፊት ልመልስ ቤቷ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ እንደኔው ያለ የመድኃኒት ካርቶን አየሁ። የክኒኑ መጠን ቁጥር ግን ከኔ ይበልጣል። የማን ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«የኔ ነዋ። ላንቺ የሠራ ለኔ እምቢ ይላል?» ብላ ሳቀች። «ልቤ ትንሽ ባሰበት፤ መድኃኒቱ ሲሠራ ነው አልኩ። ሐኪሙ እኮ አይቶ ነው ያዘዘው።»

«ሐኪሙ ያየው የኔን ደም ነው» አልኳት።

ያቺን የታጠፈች ወረቀት በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ብዙ ጊዜ አንብቤያታለሁ። ልቡን የሚያመው ሰው እንዲጠነቀቅ የሚለው የት መስመር ላይ እንዳለ አውቃለሁ። እትዬ ጸዳለ አራት ቀን ውጣለች። ካርቶኑን አንስቼ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳኋት።

ነገሩ ሲገባት፣ በቃ አልውጠውም፣ አለቀ አለች። ግማሽ ልቤ ተስማማ። ግን ፋይሉ አለ። ነገ ራሷን ስታ ብትወሰድ የምትታከመው በእኔ በሽታ ነው። ሄደን እንናገር አልኳት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ደብተሩን ይቀሙናል። የወርቁን መርፌ አንቺ ትገዢልኛለሽ?»

ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ሲያዳምጠን የቆየው ጋሽ ወርቁ ነው የተናገረው።

«መርፌውን የምትወጊኝ አንቺ አይደለሽ? አንቺ ከሌለሽ ደብተሩ ምን ያደርግልኛል? ተነሺ፣ ልበሺ።»

በታክሲው ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ሆስፒታሉ ደረስን።

የዚያን ቀን ተረኛዋ ጠና ያለች ሴት ሐኪም ነበረች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ ነገርኳት። አልተቆጣችም። የጠየቀችኝ የትኞቹ ገጾች የኔ እንደሆኑ ብቻ ነው። ቀኖቹን በቃሌ ስለማውቃቸው እያንዳንዱን አሳየኋት። እሷም በየገጹ ላይ ሰያፍ መስመር እያሰመረች «የሌላ ታካሚ ነው» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ የእትዬ ጸዳለን ልብ አዳመጠች፣ ግፊቷን ለካች፣ ለምርመራ ላከቻት። ዕጢዋ ጤነኛ ነው። ሳይታወቅ የቆየ ከፍተኛ የደም ግፊት ልቧን አድክሞታል።

«እንኳን አቆሙት» አለቻት። «ሌላ ሳምንት ቢወስዱት ኖሮ…» ብላ ወደኔ ዞራ በራሴ ስም ፋይል እንዳወጣ አዘዘችኝ። ስለ ደብተሩ ደግሞ መደበቅ እንደማትችል፣ ለመድን ክፍሉ እንደምታሳውቅ ነገረችን።

ደብተሩ እስኪጣራ ተይዞ በሦስተኛው ሳምንት ከጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ጋር ተመለሰ። በዚያ መካከል የጋሽ ወርቁን መርፌ የግቢው ሰው እየተዋጣ ገዛ። እኔም ለራሴ መድኃኒት ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ሰጥቼ አሥራ ሁለት ቀን ሳልውጥ ቆየሁ። እትዬ ጸዳለ ጠዋት ቧንቧው ጋ ስንገናኝ እንደምን አደርሽ ትለኝ ነበር። ከዚያ በላይ አትጨምርም ነበር።

ምዝገባው ሲከፈት የራሴን ደብተር አወጣሁ። በመናገሬ አልጸጸትም። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። እኔ አንድ መጽሐፍ ከቦታው ቢዛነፍ ተመልሼ የማስተካክል ሰው ነኝ። በእነዚያ ሰባት ወራት ግን በሌላ ሰው ገላ ላይ ሕመሜን እየጻፍኩ እንደሆነ አንድም ቀን አልታየኝም። ጥፋቴ የመንግሥትን መድኃኒት በሰው ስም መውሰድ ብቻ ነበር የመሰለኝ፤ ያፈርኩትም በእሱ ብቻ ነበር።

እትዬ ጸዳለ አሁን ለግፊቷ በየወሩ ቀጠሮ አላት። ከጥቂት ወራት ወዲህ አብሬያት እንድሄድ ትጠይቀኛለች። በሩ ጋ ስንደርስ ግን ታቆመኛለች።

«አንቺ እዚህ ቆዪ። ሐኪም ፊት አፍሽ አያርፍም።»

እሺ ብዬ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ መጽሐፍ ይዤ ነው የምሄደው። ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ከእሷ አልጠብቅም፤ ይህም ይበቃኛል።